ሩዝ ወደ ፎገራ የመጣበት መንገድ

ከባሕር ዳር ተነሥታችሁ ወደ ጎንደር ስትሄዱ፣ ሐሙሲትን አልፋችሁ የጉማራን ድልድይ ስትሻገሩ፣ ኮረብታው ይሸሽና ሜዳ ይከፈታል። ፎገራ ገባችሁ ማለት ነው። በስተምዕራብ ጣና አለ። ጉማራና ርብ ሁለቱም ከጉና ተራራ አፈር ተሸክመው እየወረዱ ይህን ጥቁር መሬት ለዘመናት አንጥፈውታል። ወረታ መሐሉ ላይ ተቀምጣለች፤ አንዱ መንገድ ወደ ጎንደር ሲቀጥል ሌላው ከእሷ ተገንጥሎ ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ወልድያ ይወጣል።

ዱሮ፣ ሩዝ ሳይመጣ፣ ይህ ሜዳ ክረምት ሲገባ የውሃ ነበር። ወንዞቹ ሞልተው ይወጣሉ፤ ጣናም ወደ ዳር ይገፋል፤ ጥቁሩ አፈር ውሃውን አልውጥም ብሎ እላዩ ላይ ያስተኛዋል። ጤፍ የዘራ ሰው ጤፉ ከሥሩ ሲበሰብስ ያያል። ስለዚህ ገበሬው ውሃው እስኪሸሽ ይጠብቃል፤ ከዚያ በቀረው እርጥበት ጓያና ሽምብራ ይዘራል፤ ከፍ ከፍ ባለው ላይ ጤፍና ኑግ ይሞክራል፤ ሌላውን ለከብቱ ይተዋል። የፎገራ ላም ስሟ አገር የሞላው ያለ ነገር አልነበረም፤ ያ ሁሉ ሣር የእሷ ነበር። ሰው ግን በሣር አይኖርም። ክረምቱ የከፋ እንደሆነ በጣና ዳር ያሉት ቀበሌዎች ጎተራቸው ባዶ ይሆንና ዓይናቸው እርዳታ ላይ ያርፋል።

እንዲህ እያለ ደርግ መጣ። የመሬት አዋጅ ታወጀ፤ የገበሬ ማኅበር ተቋቋመ፤ ቀጥሎ ደግሞ ሰው በሬውንና መሬቱን አንድ ላይ አድርጎ በጋራ የሚያርስበት የአምራቾች ማኅበር መጣ። ደራ ውስጥ ጅግና፣ ፎገራ ውስጥ ሻጋ ላይ እንዲህ ያሉ ማኅበራት ነበሩ። በ1970ዎቹ ወደነዚህ ማኅበራት የሩቅ አገር ሰዎች ደረሱ። የሰሜን ኮሪያ የእርሻ ባለሙያዎች ናቸው። የፎገራ ሰው አበሳዬ የሚለውን ውሃ ተመለከቱት፤ ለእነሱ ግን የለመዱት የእርሻ መሬት ነበር። ሩዝ ማለት እግሩን ውሃ ውስጥ ነክሮ የሚያድግ እህል ነው። ዘሩ ጅግናና ሻጋ ላይ ተዘራ፤ በቀለ። ገበሬው እስከ ዛሬ አጥብቆ የሚይዘውና "ኤክስ ጅግና" የሚለው ዝርያ ስሙን ያገኘው ከዚያው ቦታ ነው።

እዚህ ላይ ወሬውን ገታ ላድርግና አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ለምን ሰሜን ኮሪያ? ሩዝ አብቃዩ አገር ብዙ ነው። ደግሞስ አንድ ቋንቋ የሚናገር፣ አንድ ዓይነት ምግብ የሚበላ ሕዝብ ሰሜንና ደቡብ ተብሎ የተጠራው በማን ትእዛዝ ነው? ይህን ሳትሰሙ የፎገራን ሩዝ ብትበሉት ሆዳችሁ ይጠግባል፤ ወሬው ግን ጎዶሎ ይሆናል። ስለዚህ ተከተሉኝ፤ ሩቅ ልወስዳችሁ ነው።

ኮሪያን ጃፓን የያዘቻት በእኛ አቆጣጠር በነሐሴ 1902 ዓ.ም. ነው። ለ35 ዓመት ገዛቻት። ከወሰደችውም ነገር አንዱ ሩዝ ነበር። የጃፓን ከተሞች ሩዝ ሲያንሳቸው ቅኝ ገዢው መንግሥት ኮሪያ ውስጥ መስኖ አስፋፍቶ፣ ምርት አስጨምሮ፣ ጆንያውን በመርከብ ወደ ጃፓን አጋዘው። ሩዝ አምራቹ ኮሪያዊ የራሱን ሩዝ እየሸጠ ከማንቹሪያ የሚመጣ ማሽላ መሰል እህል ይበላ ነበር። መሬቱን ያጣው ደግሞ እህሉን ተከትሎ ባሕር ተሻገረ። በፋብሪካው፣ በማዕድኑ ጉድጓድ፣ በመንገድ ሥራው፤ አንዳንዱ ወዶ፣ ብዙው በጦርነቱ ዓመታት ተገድዶ። ጦርነቱ ሲያልቅ ጃፓን ውስጥ የነበረው ኮሪያዊ 2 ሚሊዮን ያህል ነበር።

አሁን ወደ መስመሩ መጣን። ቀኑ ነሐሴ 4 ቀን 1937 ዓ.ም. ነው፤ ሌሊት። ጃፓን ልትወድቅ ነው፤ የሶቪየት ጦር በሰሜን በኩል ኮሪያ ገብቷል። ዋሽንግተን ላይ ለሁለት ወጣት ኮሎኔሎች ትእዛዝ ተሰጣቸው፤ አሜሪካ የምትይዘውንና ሶቪየት የምትይዘውን ለዩ ተባሉ። አንዱ ዲን ራስክ ነው፤ በኋላ የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የሆነው። ሌላው ቻርልስ ቦንስቲል። ሁለቱም የኮሪያ አዋቂ አልነበሩም። የተሰጣቸው ጊዜ ግማሽ ሰዓት ያህል ነው፤ በእጃቸው ያለው የናሽናል ጂኦግራፊክ ካርታ ነው። ዋና ከተማዋ ሶል ወደ አሜሪካ በኩል እንድትቀር ፈለጉና 38ኛውን የኬክሮስ መስመር መረጡ። ተራራ አልተከተሉም፤ ወንዝ አልተከተሉም፤ የቀበሌ ድንበር እንኳ አልጠየቁም። ሶቪየቶችም እሺ አሉ።

በቃ፤ አገር ተከፈለ። ለጊዜው ነው ተባለ። "ለጊዜው" የተባለው ሰማንያኛ ዓመቱን ዘልቋል።

የተከፈለው ደግሞ አገር ውስጥ ያለው ሰው ብቻ አይደለም። ጃፓን ውስጥ የቀረውን አስቡት። አብዛኛው ወደ አገሩ ሲመለስ 600,000 ያህሉ እዚያው ቀረ። ይመለስ ቢባል ወደየትኛው ይመለስ? ጃፓኖች በመዝገባቸው ላይ "ቾሰን" ብለው ጻፉት፤ ከመከፈሏ በፊት በነበረችው ኮሪያ ስም መሆኑ ነው፤ ያቺ አገር ግን ከዚያ ወዲያ የለችም። በ1944 ዓ.ም. የጃፓን ዜግነቱንም ገፈፉት። በአንድ መንደር ውስጥም ሁለት ማኅበር ቆመ፤ ሚንዳን የደቡቡን ይደግፋል፤ ቾንግርዮን የሰሜኑን። ኦሳካ ከተማ ኢኩኖ በሚባለው ሰፈር አንድ ገበያ የሚገበያዩ፣ አንድ ዓይነት ጎመን ዘፍዝፈው የሚበሉ ጎረቤታሞች ልጆቻቸውን ለየትኛው ትምህርት ቤት እንደሚሰጡ ተለያዩ። ባሕር የተሻገረው ሰው መስመሩን ሳያየው መስመሩ ቤቱ ድረስ ሄደለት። ከታኅሣሥ 1952 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ከኒጋታ ወደብ ወደ ሰሜን ኮሪያ የሚሄዱ መርከቦች ተነሡ፤ እስከ 1976 ዓ.ም. ድረስ ከ93,000 በላይ ሰው ሄደ። አብዛኞቹ ቤተሰባቸው የደቡብ ሰው ነበር። ጃፓን ውስጥ መናቅ ሰለቻቸውና አገራችን ነው ብለው ሄዱ፤ ተመልሶ የመምጣት ነገር ግን አልነበረም።

እናንተ ይህን ስትሰሙ ሌላ አገር ትዝ ሳይላችሁ አይቀርም። እኔም ትዝ ይለኛል። በንጉሡ ዘመን ሁለተኛ ደረጃ ከተማራችሁት ብዙዎቻችሁ ሒሳቡንና ፊዚክሱን ከሕንድ መምህር ነው የቀሰማችሁት፤ ብዙዎቹ ከኬራላ የመጡ። አዲስ አበባና ድሬዳዋ ጨርቅ የምትገዙበት የሕንድ ሱቅ ነበር። የእነዚያ ሰዎች አገርም ኮሪያ ከተከፈለች ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በነሐሴ 1939 ዓ.ም.፣ ሕንድና ፓኪስታን ተብላ ተከፈለች። እዚያ መስመር አስምር የተባለው ሲሪል ራድክሊፍ የሚባል እንግሊዛዊ ጠበቃ ነው። ከዚያ በፊት ሕንድን ረግጧት አያውቅም። አምስት ሳምንት ያህል ተሰጠው፤ ፑንጃብን ቆረጠ፤ ቤንጋልን ቆረጠ። ነጻነቱ ታውጆ ሕዝቡ ሰንደቅ ዓላማ ከሰቀለ ከሁለት ቀን በኋላ ነው መስመሩ የተነገረው። ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው ቤቱን ጥሎ ወዲያና ወዲህ ተሰደደ፤ የሞተው በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ነው፤ ሚሊዮን የሚያደርሱትም አሉ።

እዚያም ሩዝ አለ። ባስማቲ የምትሉት ረጅሙ መዓዛማ ሩዝ የሂማላያን ግርጌ ተከትሎ የሚበቅል የፑንጃብ ሩዝ ነው። ፑንጃብ ተቆርጣ ግማሹ ማሳ ሕንድ፣ ግማሹ ፓኪስታን ቀረ። ሕንድ በ2010 ዓ.ም. ባስማቲ የሚለው ስም የእኔ ይሁን ብላ ለአውሮፓ ኅብረት አመለከተች፤ ፓኪስታን የኔም ነው ብላ ተቃወመች። እንግሊዝ አገር የሄዳችሁ ደግሞ "የሕንድ ምግብ ቤት" የሚል ሰሌዳ አይታችሁ ትገባላችሁ፤ ሩዙን የሚያቀርብላችሁ ሰው ግን ብዙ ጊዜ የሲልሄት ሰው ነው። ሲልሄት በ1939ኙ ድምፅ አሰጣጥ ወደ ምሥራቅ ፓኪስታን ሄደች፤ ምሥራቅ ፓኪስታን በኋላ ባንግላዴሽ ሆነች። አያቱ ከሕንድ ወጣ፤ አባቱ የፓኪስታን ፓስፖርት ያዘ፤ እሱ ባንግላዴሻዊ ነው፤ መንደራቸው ግን አልተንቀሳቀሰችም። ብራድፎርድም ሆነ ሳውዝሆል፣ የተከፈለው ሕዝብ በሄደበት ሁሉ መስጊዱና ቤተ መቅደሱ፣ የክሪኬት ቡድኑና የሠርግ ጥሪው ያንን የአምስት ሳምንት መስመር ይዞ ይኖራል።

እኛስ? መረብ ወንዝን የማያውቅ የለም። ጣልያን በ1881 ዓ.ም. የውጫሌን ውል ተፈራርሞ ኤርትራ ብሎ የያዘው መሬት ድንበር አለው ተባለ፤ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ በ1990 ዓ.ም. ጦርነት ሲነሣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ጎረቤቶቻችን "ኤርትራዊ" ተብለው ከየቤታቸው ተነቅለው ሄዱ። ከወዲያም ኢትዮጵያዊ የተባለው እንዲሁ መጣ። ይህን የምታውቁትን ሐዘን አላስረዝመውም። የኮሪያን ሐዘን በጎረቤት ጆሮ እንድትሰሙት ብዬ ነው ያነሣሁት።

ወደ ኮሪያ ልመለስ። ሰኔ 18 ቀን 1942 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦር መስመሩን ጥሶ ወደ ደቡብ ወረደ። የተባበሩት መንግሥታት አባላቱን ጦር አዋጡ አለ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በሰኔ 1928 ዓ.ም. ጄኔቭ ላይ ቆመው የተወረረ አገር ብቻውን አይተው ብለው ለምነው ሰሚ ያጡ ንጉሥ ናቸው። አሁን ያንኑ ሕግ ሌላ ሲጠራው እምቢ ሊሉ አልቻሉም። ከክብር ዘበኛ ተመርጦ ቃኘው ሻለቃ ተቋቋመ። በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. የመጀመሪያው ቃኘው በሌተናል ኮሎኔል ተሾመ እርገቱ እየተመራ ከጅቡቲ በአሜሪካ መርከብ ተሳፈረ፤ ፑሳን ወደብ ወረደ፤ ከአሜሪካው 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ተሰለፈ። ተራ በተራ ሻለቃው ተተካ፤ በጦርነቱ ዘመን የዘመተው ከ3,500 በላይ ነው። ከ120 በላይ ሞቱ፤ ከ500 በላይ ቆሰሉ። አንድም ኢትዮጵያዊ አልተማረከም። ይህን ስናገር ደረቴ ይሞላል፤ አልደብቃችሁም።

የዘመቱበትን ቦታ ልብ በሉልኝ። ከተዋጉባቸው ግንባሮች አንዱ ቾርዎን ነው። ቾርዎን ሜዳ ነው፤ የሩዝ ሜዳ፤ በኮሪያ ውስጥ ሩዙ ከሚወደስባቸው ቦታዎች አንዱ። 38ኛው መስመር ሲሰመር ሙሉ በሙሉ ወደ ሰሜን ቀርቶ ነበር። ሁለቱ ጦር በዙሪያው ባሉት ኮረብቶች ላይ ሲገዳደል ቆየና ሐምሌ 20 ቀን 1945 ዓ.ም. ተኩስ ሲቆም ሜዳው ለሁለት ተቆረጠ፤ አብዛኛው ወደ ደቡብ፣ የቀረው ወደ ሰሜን። ዛሬ የድሮው የኮሙኒስት ፓርቲ ጽሕፈት ቤት እዚያ ቆሟል፤ ሦስት ፎቅ፣ ጣሪያ የሌለው፣ ግድግዳው በጥይት የተነቀሰ። ከዚያ ትንሽ አለፍ ብሎ የሽቦ አጥር አለ፤ እስከ አጥሩ ድረስ ሩዝ ይዘራበታል። የእኛ ልጆች፣ ከጤፍና ከገብስ አገር የሄዱት፣ በረዶ ውስጥ ተቀብረው የተዋጉት በዚህ የሩዝ ሜዳ አፋፍ ላይ ነው። ከጦርነቱም ጎን ወላጅ ላጣ ልጅ ቤት ከፍተው ከደመወዛቸው አውጥተው አሳደጉ።

ንጉሡ በግንቦት 1960 ዓ.ም. ቹንቾን ከተማ ድረስ ሄደው የቃኘውን መታሰቢያ ሐውልት መርቀው መጡ። ስድስት ዓመት ቆይቶ እሳቸውም ወረዱ፤ ነገርም ተገለበጠ። ደርግ በ1967 ዓ.ም. ከፒዮንግያንግ ጋር ተወዳጀ። ትናንት "ጠላት" የተባለው ዛሬ ጓድ ሆነ። መስከረም 1977 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተመረቀው የትግላችን ሐውልት፣ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፊት ለፊት ያለው፣ የሰሜን ኮሪያ እጅ ያለበት ነው። በዚያ ዘመን የቃኘው ዘማች ለደቡብ ኮሪያና ለአሜሪካ የተዋጋ ተብሎ በዓይነ ቁራኛ ታየ። ሜዳልያውን ሣጥን ውስጥ የደበቀ፣ ኮሪያ ነበርኩ ማለትን የተወ አለ። አዲስ አበባ ውስጥ ኮሪያ ሰፈር በሚባለው መንደር የተሰጣቸው መሬት ላይ ተቀምጠው ዝም ብለው አረጁ። አዛውንት የምትሏቸው እነዚህ ሰዎች በወጣትነታቸው የዓለም ወታደር ነበሩ፤ በሽምግልናቸው አገራቸው ረሳቻቸው። ይህ ያንገበግበኛል።

አሁን ሁለቱን ክር ያዙልኝ። በዚያው ዘመን፣ አዲስ አበባ ላይ የደቡቡ ዘማች አንገቱን በደፋበት ጊዜ፣ ፎገራ ላይ የሰሜኑ ባለሙያ ሱሪውን ጠቅልሎ ጭቃ ውስጥ ቆሞ ነበር። እነዚህ ሁለት ሰዎች አይተዋወቁም። ሁለቱንም ወደ ሰው አገር የሰደዳቸው ግን ያ የነሐሴ ሌሊት ነው። አገሪቱ ባትከፈል የእኛ ልጅ ቾርዎን አይሞትም፤ ኮሪያ ሰሜንና ደቡብ ሆና አፍሪካ ውስጥ ወዳጅ ለማብዛት ባትሽቀዳደም ያ ባለሙያ ጅግና አይደርስም። የክፋት ሥራ ነው የሩዝ ዘር ያመጣልን እያልኩ አይደለም፤ ዘሩን ያመጣው ሰው ነው፤ ያስተማረውም ሰው ነው። የገበሬ ልጅ የገበሬን መሬት አይቶ የሚያበቅለውን ያውቃል። ፖለቲካው ላከው፤ ጭቃው ውስጥ የገባው ግን እውቀቱ ነው።

ቀጥሎ የሆነውን የፎገራ ሰው ራሱ ሠራው። በ1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ የአምራቾች ማኅበራቱ ፈረሱ፤ በሬው ወደየባለቤቱ፣ መሬቱም ወደየእጁ ተመለሰ። ባለሙያዎቹ ሄደዋል። ሩዙ እዚያ ላይ ማለቅ ይችል ነበር። አላለቀም። ጅግናና ሻጋ ላይ በማኅበር ሲዘራ ያየው ገበሬ ዘሩን በቁና ይዞ ወደ ማሳው ሄደ፤ ጎረቤቱ አየው፤ ከጎረቤቱ ወሰደ። መንግሥትም በኋላ ተከተለ። ዛሬ ክረምት በዚያ መንገድ ብታልፉ ከጉማራ እስከ ርብ አረንጓዴ ነው፤ ኅዳር ላይ ብታልፉ ወርቅ ነው።

ሥራው ቀላል እንዳይመስላችሁ። በሬ ጉልበቱ ድረስ ጭቃ ውስጥ ገብቶ ያርሳል። አብዛኛው ገበሬ ዘሩን በእጁ ይበትናል፤ በመስመር መትከሉ ጥሩ ነው ቢባልም ጉልበት ይበላል። ከባዱ አረም ነው። ሴቱም ወንዱም ሕፃኑም ጎንበስ ብሎ ውሃ ውስጥ ቆሞ ይውላል፤ ሩዙና አረሙ ገና ለጋ ሳሉ መንታ ይመስላሉ፤ የሚለያቸው የለመደ ጣት ብቻ ነው። አልቅት እግር ላይ ይጣበቃል። ዝናቡ ከላይ፣ ውሃው ከታች። ከዚያ በማጭድ ይታጨዳል፤ ይከመራል፤ በበሬ ይወቃል። ጭዱ ለከብት ይቀራል፤ ሣሩን የወሰደው ሩዝ ለላሚቱ ካሣ ሰጣት ማለት ነው። እህሉ በጆንያ ተሞልቶ ወደ ወረታ ይሄዳል። ወረታ ላይ የሩዝ መፈልፈያው ሲነሣ ከሩቅ ይሰማል፤ አቧራው ነጭ ነው፤ ሠራተኛው ቅንድቡ ሳይቀር ነጭ ሆኖ ይወጣል፤ ነጋዴው እፍኙን ዘግኖ ስብርባሪውን ይቆጥራል፤ ሙሉው ፍሬ አንድ ዋጋ፣ የተሰበረው ሌላ ዋጋ አለው።

ቤት ውስጥ ደግሞ ሩዙ ኢትዮጵያዊ ሆኗል። እናቶች ከጤፍ ጋር አስፈጭተው ያቦኩታል፤ እንጀራው ነጣ ይላል፤ ጤፍ በተወደደበት ዘመን ምጣዱን ያዳነ እሱ ነው። ዳቦ ይሆናል፤ ጠላ ይጠመቅበታል። ኮሪያዊው ባለሙያ ቢመጣ የራሱን እህል አይኑ ሥር ሆኖ ላያውቀው ይችላል፤ በሽሮ ተበልቶ። ሩዙ ከተነሣ በኋላ በቀረው እርጥበት ጓያው ዛሬም ይዘራል፤ ሽንኩርቱም ገብቷል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ጎርፉ ቤት ሲያፈርስና ከብት ሲወስድ አይተናል፤ ውሃው ጠላትነቱን ጨርሶ አልተወም። ነገር ግን ውሃ ሲተኛ እጁን አጣጥፎ የሚቀመጥ ገበሬ ዛሬ ፎገራ ላይ የለም።

ወረታ ላይ ዛሬ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል አለ። አዳዲስ ዝርያ ያወጣል፤ ሻጋ የሚባል አለ፤ የአገሩን ስም ይዟል። ማዕከሉን ከሚያግዙት ግንባር ቀደሙ ማን መሰላችሁ? ጃፓን ናት፤ በልማት ድርጅቷ በጃይካ በኩል፣ በ2008 ዓ.ም. በጀመረው የኢትዮ ራይስ ፕሮጀክት። የኮሪያን ሩዝ በመርከብ ታግዝ የነበረችው አገር ልጆች ዛሬ ፎገራ ላይ ጭቃ ውስጥ ቆመው ስለ ሩዝ አረም ከእኛ ባለሙያ ጋር ይመክራሉ። ልጅ በአባቱ በደል አይጠየቅም፤ መጥተው የሚሠሩትንም አመሰግናለሁ። ነገር ግን ፎገራ ላይ የሚሠራ ጃፓናዊ ይህን ሩዝ መጀመሪያ ማን እንደዘራው፣ ያ ሰው ከየት እንደመጣ፣ አገሩ ለምን ሰሜን እንደተባለች የሚያውቅ ቢሆን ደስ ይለኛል። የእኛም ልጅ።

የተከፈሉት ሰዎች ጉዳይ አላበቃም። በሰኔ 1975 ዓ.ም. የደቡብ ኮሪያ ቴሌቪዥን የተጠፋፋ ቤተሰብ ይፈላለግ ብሎ አንድ ፕሮግራም ጀመረ። ለአንድ ምሽት የታሰበው 138 ቀን ፈጀ። ሰው ስሙንና ያደገበትን ቀዬ፣ ፊቱ ላይ ያለውን ጠባሳ ካርቶን ላይ ጽፎ አደባባይ ቆመ፤ ከ10,000 በላይ ቤተሰብ ተገናኘ። እነዚህ በደቡቡ ውስጥ የተበተኑት ናቸው። መስመሩን ተሻግሮ በተከታታይ ለመገናኘት የሁለቱን ኮሪያ መሪዎች የ1992 ዓ.ም. ሰኔ ስብሰባ መጠበቅ ነበረበት፤ ከዚያ ወዲያ መንግሥታቱ ደስ ሲላቸው ጥቂት ሽማግሌዎችን ለጥቂት ቀን ያገናኛሉ፤ ሲኳረፉ ይተዋሉ። የመጨረሻው በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ነበር። ደቡብ ላይ ከ130,000 በላይ ሰው ዘመዴን አገናኙኝ ብሎ ተመዝግቧል፤ አብዛኛው ሳያገኝ ሞቷል፤ ከቀረውም አብዛኛው ሰማንያና ዘጠና ዓመት የሞላው ነው።

የቃኘው ዘማቾችም በዚያው ዕድሜ ላይ ናቸው፤ በሕይወት ያሉት ጥቂት ናቸው። አፍንጮ በር ባለው መታሰቢያቸው ላይ የጓዶቻቸው ስም ተጽፏል፤ ደቡብ ኮሪያም ውለታቸውን አልረሳችም። የኛዎቹ የጅግናና የሻጋ ማኅበርተኞች ግን መታሰቢያ የላቸውም። ያኔ ጎልማሳ የነበረው ዛሬ ሽማግሌ ነው። ዘሩን በየትኛው ማሳ እንደበተኑት፣ ኮሪያዊው እንዴት አድርጎ እንዳሳያቸው፣ የመጀመሪያውን ሩዝ ማን እንዴት አብስሎ እንደበላው የሚነግሯችሁ እነሱ ናቸው። የባሕር ዳርና የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ ወረታ ከእጃችሁ ላይ ናት። የምርምር ርእስ ፍለጋ ሩቅ አትሂዱ። ስልካችሁን ይዛችሁ ጅግና ውረዱ፤ አባቶችንና እናቶችን ቁጭ አድርጋችሁ አስወሯቸው፤ ድምፃቸውን ቅዱ። ወረታ ያለው ማዕከልም ዘሩን ከሚያስቀምጥበት ክፍል አጠገብ ለቃላቸው አንድ መደርደሪያ ያብጅለት።